አደጋው ቀጠሮ አለው፦ ለመተማና ለአካባቢው ቆላ ቤተሰቦች የዝግጅት መመሪያ

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ስትንቀጠቀጥ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር ሰው አልነበረም። በእኛ ቆላ ግን አብዛኛው አደጋ የሚመጣበት ወር ይታወቃል። ሐምሌና ነሐሴ የጓንግና የሽንፋ ወንዞች ይሞላሉ። መስከረም ላይ ወባ ትነሣለች። ጥቅምት ሰሊጥ ሲታጨድ እባብ ከሥሩ ይወጣል። ከኅዳር ጀምሮ ሣሩ ደርቆ አንዲት ፍም ብቻ ይጠብቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መተማ ዮሐንስ፣ ኮኪት፣ ገንዳ ውሃ፣ ሽንፋ፣ ገለጉ፣ አብርሃጅራ፣ የትም ይኑሩ የት ይህን ዑደት ያውቁታል።

የሚጎዳን እንግዲህ አለማወቅ አይደለም፤ እያወቅን መዘግየት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሁላችንም እንናገረዋለን፣ ቅጠሉን የምንፈልገው ግን እሳቱን ካየን በኋላ ነው። የዚህ መመሪያ ምክር አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ አደጋ ከወሩ አንድ ወር ቀድመው ይዘጋጁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች በማንኛውም ወር የሚሠሩ ናቸው፤ የቀሩት የዓመቱን ተራ ተከትለው ይሄዳሉ።

ደረጃ 1፦ አንድ ምሽት ቤተሰቡን ሰብስበው ይነጋገሩ

ከእራት በኋላ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ልጆቹም ሳይተኙ ይሁን። ሦስት ጥያቄ ብቻ ያንሡ።

አንደኛ፣ ሌሊት ቢሆን ከቤት የምንወጣው በየት ነው? አብዛኛው ጎጆ ያለው በር አንድ ብቻ ነው። በሩ ላይ እሳት ቢነሣ የትኛው ግድግዳ ተገፍቶ እንደሚከፈት ሁሉም ይወቅ። ማታ ማታ በሩ ሥር ጀሪካን፣ ከረጢት ወይም ሞተር ሳይክል አያቁሙ።

ሁለተኛ፣ የምንገናኘው የት ነው? ሁለት ቦታ ይምረጡ። አንዱ ቅርብ ይሁን፦ ለምሳሌ ከግቢው ውጭ ያለው የኒም ዛፍ። ሌላው ራቅ ያለና ከፍ ያለ መሬት ላይ ይሁን፦ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት።

ሦስተኛ፣ ማን ማንን ይይዛል? ሕፃኑን እናት፣ አያትን ትልቁ ልጅ፣ ቦርሳውን አባት ብለው በስም ይደልድሉ። «ሁላችንም እንረዳዳለን» የተባለ ነገር በድንጋጤ ሰዓት የማንም ሥራ ሆኖ ይቀራል። ፍየሎቹን ከገመድ የሚፈታም አንድ ሰው ይኑር፤ ሌላው ግን ለከብት ብሎ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከአሁኑ ይስማሙ።

ከዚያ ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ይጻፉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የጤና ጣቢያው፣ ባጃጅ ወይም መኪና ያለው ጎረቤት፣ ጎንደር ወይም ሌላ ከተማ ያለ አንድ ዘመድ። ከአገር አቀፎቹ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 ይጨመሩ። መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚጠፉበት ቀን ስላለ ዕቅድዎ ያለ ስልክም የሚሠራ መሆን አለበት። ልጆች የወላጆቻቸውን ሙሉ ስም፣ የቀበሌያቸውን ስምና አንድ ስልክ ቁጥር በቃል ይያዙ።

ደረጃ 2፦ የምሰሶውን ቦርሳ ያዘጋጁ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ከሱዳን የሸሸው ሰው ከገባባቸው በሮች ዋነኛው መተማ ዮሐንስ ነበር። ሱዳናውያን ብቻ አልነበሩም፤ እዚያ ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። ያን ጊዜ ያየ ሰው አንድ ነገር ተምሯል፦ ከቤቱ በድንገት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠማው ደግሞ ውሃ ነው። ቦርሳው የሚዘጋጀው ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

አንድ የትከሻ ቦርሳ ወይም የተማሪ ቦርሳ ይበቃል። የሚገባበት ይህ ነው፦

- መታወቂያዎች፣ የልደት ካርድ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የባንክ ደብተር፣ የልጆች የክትባት ካርድና የጤና መድን ደብተር። ሁሉም በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ በገመድ ይታሰር። ስልክ ካለዎት ፎቶ አንሥተው ለሩቁ ዘመድ ይላኩ።
- ባትሪ ከነመለዋወጫ ድንጋዩ፣ ፉጨት ማሰሚያ ፊሽካ፣ ክብሪት በደረቅ ዕቃ።
- ንጹሕ ጨርቅና ፋሻ፣ ሳሙና፣ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት) ቢያንስ 4 ከረጢት፣ የውሃ ማከሚያ፣ ለልጅ የሚሆን የትኩሳት መድኃኒት።
- በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ የጥቂት ቀን መጠን።
- በዝርዝር የተመነዘረ ብር። ባንክና የሞባይል ገንዘብ ኔትወርክ ይፈልጋሉ።
- ነጠላ ወይም ጋቢ፣ የሕፃን ልብስ፣ የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ።

ቦርሳው ከአልጋ ሥር አይቀመጥ፤ ጎርፍ ሲገባ መጀመሪያ የሚረጥበው እሱ ነው። ሳጥን ውስጥም አይቆለፍ፤ ቁልፉ በጨለማ አይገኝም። ከበሩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ፣ በሰው ደረት ከፍታ፣ በአንድ ሚስማር ይሰቀል። ዓይንዎን ጨፍነው ከአልጋዎ ተነሥተው ይሂዱና ይሞክሩት። እጅዎ በአንድ ጊዜ ካላገኘው ቦታውን ይቀይሩ።

ደረጃ 3፦ የሦስት ቀን ውሃና ምግብ ያስቀምጡ

በእኛ ሙቀት ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያስቡ። ስድስት ሰው ያለው ቤት ለሦስት ቀን 90 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ማለት ነው። አንዱን በየጊዜው እየተጠቀሙ በአዲስ ይተኩት። ዘይት ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ለመጠጥ ውሃ ፈጽሞ አይሆንም። ክዳኑ ይዘጋ፤ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ እጅም ጣሳም አይገባበትም።

የምግቡን ጥበብ እናቶቻችን ቀድመው ጨርሰውታል። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ እሳት ሳይፈልጉ የሚበሉ፣ በመንገድም የማይበላሹ ናቸው። በሶ በውሃና በጨው ብቻ ይበጠበጣል። እነዚህን በክዳን ባለው ዕቃ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። መሬት ላይ የተቀመጠ እህል አይጥ ይጠራል፤ አይጡን ደግሞ እባብ ተከትሎት ይገባል።

ደረጃ 4፦ በግንቦት ለክረምቱ ይዘጋጁ

በሰኔ ዝናቡ ሲገባ ዋልካው አፈር ይጣበቃል፤ ብዙ መንገድ ለወራት መኪና አያሳልፍም። ስለዚህ በመኪና የሚመጣው ሁሉ በግንቦት ተገዝቶ ማለቅ አለበት።

ክዳኑን ይመርምሩ። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ የሚመጣው ከብርቱ ነፋስ ጋር ነው። ቆርቆሮው በሚስማር ይያዝ እንጂ ድንጋይ ተጭኖበት አይተው፤ ነፋሱ ድንጋዩን በተኛ ሰው ላይ ይጥለዋል። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፍሩ፤ የቦዩ አፍ ወደ ጎረቤት ግቢ ሳይሆን ወደ ፈሰስ ይሁን። ሽንት ቤቱ ከጉድጓድ ውሃው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ከሆነ ውሃውን ሳያክሙ አይጠጡ።

በቤትዎ ነፍሰ ጡር ካለችና የመውለጃዋ ጊዜ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከሆነ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ይነጋገሩ። በጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ያለው ለዚሁ ነው፤ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ሄዳ እዚያው ትቆይ። ምጥ ጀምሯት፣ ወንዝ ሞልቶ፣ በጭቃ መካከል በቃሬዛ ከመውሰድ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መሄድ ይሻላል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም የክረምቱን መጠን አስቀድሞ እንዲያገኝ ሐኪሙን ይጠይቅ። የቀበሌው ቃሬዛ የት እንዳለ ይወቁ፤ ከሌለ ሁለት ጠንካራ እንጨትና ከረጢት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ በክረምት ወንዙን አይመኑ

ጓንግ ወደ ሱዳን ሲሻገር አትባራ፣ ሽንፋ ደግሞ ራሃድ ይባላሉ። ሁለቱም የሚሞሉት በእኛ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በጭልጋና በአለፋ ደጋ የዘነበው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። በመተማ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ደራሽ ውሃ ሊመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወንዝ ዳር ከሆኑ ሦስት ምልክት ይጠብቁ፦ ውሃው በድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ እያንሳፈፈ ሲመጣ፣ ከላይ በኩል ጉርምርምታ ሲሰማ። ከሦስቱ አንዱን እንዳዩ ልብስ ማጠቡን፣ ውሃ መቅዳቱን፣ ከብት ማጠጣቱን ትተው ወደ ከፍታ ይውጡ። ወንዙ ዳር፣ በተለይም በደረቀ አሸዋ ላይ፣ በክረምት ማደር አይገባም።

በፍጥነት የሚወርድ 15 ሳንቲሜትር ውሃ፣ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚለው ማለት ነው፣ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። የተሻገረ ሰው ስላዩ አይከተሉ፤ እሱ ካለፈ በኋላ ውሃው ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ውሃ የወሰደው ሰው ካለ ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይወርውሩለት እንጂ ዘለው አይግቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ናዳ ሲወርድ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ብዙ ሰዎች በተከታዩ ናዳ አለቁ። ለወገን መድረስ ክቡር ነገር ነው፤ ሲደርሱ ግን ሁለተኛውን አደጋ አስቀድመው ይዩ።

ነጎድጓድ ሲሰማ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር ይውጡ፤ ዶማና ማጭድ ያስቀምጡ። እረኞች አንድ ላይ ተጠጋግተው አይቁሙ። ወደ ሥራ የሚመለሱት የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው።

ከጎርፍ ቀጥሎ የሚመጣው በውሃ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኮሌራ በቋራ የበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ሥፍራንና የኩመር የስደተኞች ጣቢያን ነክቶ ነበር። ብዙ ሰው ተሰብስቦ ውሃና ሽንት ቤት በሚያጥርበት ቦታ ሁሉ ይህ ይደርሳል። ስለዚህ የመጠጥ ውሃን ያፍሉ፤ ፈልቶ ሲንተከተክ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ መጠኑን ከማሸጊያው አንብበው ይጨምሩና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ በመጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት።

የሩዝ ቅቅል ውሃ የመሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ወደ ጤና ተቋም እየወሰዱት ኦአርኤስ ያጠጡት፤ አንዱ ከረጢት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው ያሟሙ። ቢያስመልሰውም አሥር ደቂቃ ቆይተው በጥቂት በጥቂቱ ይቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል።

ደረጃ 6፦ በነሐሴ ለወባና ለእባብ ይዘጋጁ

ዝናቡ ሲያበቃ ውሃው በየጎድጓዳው ይቀራል፤ ወባም ከመስከረም እስከ ኅዳር ትበረታለች። በነሐሴ አጎበሩን አውርደው ቀዳዳውን ይስፉ። ሲታጠብ በቀላል ሳሙና ይታጠብና በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ታዳክመዋለች። ቤትዎ ኬሚካል ከተረጨ ግድግዳውን ወዲያው አይለቅልቁ፤ ሥራውን የሚሠራው ግድግዳው ላይ ያለው ኬሚካል ነው።

ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ምርመራ ይደረግ። ከሱቅ ገዝቶ ግማሹን ውጦ ሲሻል መተው በሽታውን መልሶ ያመጣል። ሕፃን ካንቀጠቀጠው፣ መጥባት ካቃተው፣ ወይም ሰው ራሱን ከሳተ ሰዓት ሳይቆጥሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ።

ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ካለ ካላዛርን ይጠርጥሩ። የምታስተላልፈው ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትውላለች፤ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነው። በቆላው የከረመው የቀን ሠራተኛ፣ ሳሉጉም ሆነ ለአጨዳ ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ ያለ አጎበር ስለሚያድር ቀዳሚው ተጠቂ እሱ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተነሣው ካላዛር ቆላ ሠርተው ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር የተያያዘ ነበር። እንግዲህ ሠራተኛ የሚቀጥር ባለሀብት የአጎበርን ዋጋ ከአጨዳው ወጪ ጋር ይደምረው።

ሰሊጥ ሲያጭዱ ቦቲ ጫማ ያድርጉ፤ ነዶውን በእጅ ከማንሣት በፊት በእንጨት ያንቀሳቅሱ። ሌሊት ያለ ባትሪ አይውጡ፤ መሬት ላይ አይተኙ።

እባብ የነደፈውን ሰው እንዲህ ይርዱ፦

- ከቦታው ያርቁትና ያስተኙት፤ አይሩጥ፣ አይራመድ። እባቡን ለመግደል ጊዜ አያጥፉ።
- ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ጫማ እብጠቱ ሳይጀምር ያውልቁ።
- የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፈው ሳይጠብቅ ይሰሩት።
- አይብጡ፣ አይምጠጡ፣ በገመድ አጥብቀው አይሰሩ፣ አያቃጥሉ፣ ቅጠልም አይለጥፉ።
- የተነደፈበትን ሰዓት ይዘው በቃሬዛ ወይም በባጃጅ ፈጥነው ይውሰዱት።

ፀረ መርዙ ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይ አይገኝም። በአብደራፊ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ለዓመታት አክሟል። ለእርስዎ የሚቀርበው የትኛው ተቋም እንደሆነ በነሐሴ ጠይቀው ይወቁ፤ በሌሊት፣ በሽተኛ ተሸክመው የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

ደረጃ 7፦ በጥቅምት ለእሳት ይዘጋጁ

የሣር ክዳን ቤት አንድ ጊዜ ከተያያዘ ዕቃ ለማውጣት ጊዜ አይሰጥም፤ ለሰው ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከእሳቱ በፊት ነው።

የማዕድ ቤቱን አመድ ልብ ብለው ይዩት። ከላይ ነጭና ቀዝቃዛ ነው። እንጨት ሰድደው ሲገልጡት ግን ከሥሩ ቀይ ፍም ይታያል፤ ትናንት ማታ የተዳፈነው ነው። ይህን አመድ ጠዋት ቤት ጠርገው ከአጥሩ ሥር ቢደፉት ረፋድ ላይ የሚነሣው ነፋስ ይገልጠዋል። እንግዲህ አመድ ከመደፋቱ በፊት ውሃ ይፍሰስበት፤ የሚደፋበትም ጉድጓድ ይኑር።

በቤቱ ዙሪያ 10 ሜትር ያህል ደረቅ ሣር ይጨዱ፤ አገዳውንና ጭዱን ያርቁ። ማዕድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ። ጀሪካን ነዳጅ በመኝታ ቤት ማስቀመጥ ከተቀጣጣይ ጋር መተኛት ነው፤ ያለ ነዳጅ የማይሆን ሥራ ካለዎት ራቅ ያለ፣ አየር የሚያገኝ፣ እሳት የማይደርስበት ቦታ ያድርጉት። ከሰል አቀጣጥለው በተዘጋ ቤት አይተኙ፤ ጭስ ባይታይም ይገድላል። በበሩ አጠገብ አንድ በርሜል ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ ይኑር። ለነዳጅ እሳት ውሃ አይሆንም፤ አሸዋ ነው።

በእርሻው ላይ ሰሊጡ ተቆልሎ በሂላ ሲደርቅ የዓመት ልፋት በአንዲት ሲጋራ ሊያልቅ ይችላል። በሂላዎቹ መካከል ርቀት ይተዉ፤ ዙሪያውን ቢያንስ 5 ሜትር ባዶ አፈር እስኪታይ ይመንጥሩ። ሠራተኛው ምግብ የሚያበስልበት ቦታ ከነፋሱ በታች ይሁን። ማር ቆራጩም ሆነ ምንጣሮ አቃጣዩ ለጎረቤት ሳይናገር፣ በነፋስ ሰዓት፣ ብቻውን እሳት አያንሣ።

ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፤ በጋቢም ይጠቅለል። የተቃጠለ ገላ ላይ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱ። ቅቤ፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና አይቀቡ፤ ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ሕክምና ይውሰዱ።

ደረጃ 8፦ በየካቲት ለሙቀቱ ይዘጋጁ

ለዳስ የሚሆነውን እንጨትና ሣር በየካቲት ያሰናዱ። ከባድ ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ይሁን፤ ቀሪው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይቀጥል። ሳይጠሙ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። ሕፃንና ሽማግሌ በእኩለ ቀን በቆርቆሮ ቤት አይዋሉ፤ ወደ ዛፍ ጥላ ይውጡ።

ሰው ቃሉ ሲዘባረቅ፣ ሲንገዳገድ፣ ገላው እንደ ምጣድ ሲግል ሙቀት መትቶታል። ጥላ ሥር አስተኝተው ልብሱን ያላሉ፤ መላ ገላውን በውሃ እያራሱ ያራግቡት፤ አንገቱና ብብቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያኑሩ። ራሱን የሳተን ሰው ውሃ ለማጠጣት አይሞክሩ። እያቀዘቀዙ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ደረጃ 9፦ ቀጠሮ ለሌለው አደጋ

የጠረፍ ሰው ነንና ተኩስም እንሰማለን። ይህ ብቻ ወር የለውም። ሲሰማ መሬት ላይ ይተኙ፤ ከበርና ከመስኮት ይራቁ፤ ቆርቆሮ ጥይት አይመክትም፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ወይም ጎድጓዳ መሬት ይሻላል። ለማየት አይውጡ። መንገድ ወይም እርሻ ላይ የተገኘ ያልታወቀ ብረት ልጆች እንዳይነኩ አጥብቀው ያስተምሩ፤ ቦታውን ምልክት አድርገው ለቀበሌ ይናገሩ። ቤት ለቀው መውጣት ግድ ከሆነ የልጁን ስምና የወላጁን ስልክ በወረቀት ጽፈው ከልብሱ ውስጥ ይስፉለት።

ደረጃ 10፦ ዕድሩን ያስነሡ

ዕድራችን ድንኳን፣ ድስትና ወንበር አለው፤ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ይደርሳል። ያው ዕድር ሰው ሳይሞት እንዲደርስ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ቃሬዛ፣ አንድ ረጅም ገመድ፣ ጥቂት አካፋና ባልዲ፣ ለአምቡላንስ የማይበቃው መንገድ ላይ ለባጃጅ የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ይያዝ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ መራመድ የማይችሉ ሰዎችና ጎረቤት የተጠለሉ ተፈናቃዮች ስም ይመዝገብ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቤት ይመደብለት። የእሳት መከላከያ መመንጠሩና ቦይ መቆፈሩ በደቦ ይሠራ። የጎረቤት ጎጆ ሳይጠረግ የእርስዎ ብቻ ቢጠረግ እሳቱ ከዚያ ዘልሎ ይመጣል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ዛሬ ማታ አንዲት ሚስማር በምሰሶው ላይ ይምቱ፤ ባዶ ቦርሳም ቢሆን ይስቀሉባት። ነገ መታወቂያዎቹ ይግቡ፤ በገበያ ቀን ባትሪውና ኦአርኤሱ ይጨመሩ። ከዚያ አሁን ያለንበት ወር የቱ እንደሆነ ይዩና የሚቀጥለውን ወር ሥራ ይጀምሩ።